የነጋዴ ድምፅ፤ በነጻ ፕሮግራም ፖድካስት ስለ መቅዳትና ስለ ማረም

ለአስመጪዎች፣ ለላኪዎችና ለባለ ሱቆች የተዘጋጀ ትምህርት

ነጋዴ ዕቃውን ከማሳየቱ አስቀድሞ ቃሉን ያሳያል። ገዥ የሆነ ሰው ዕቃውን ገና በእጁ ሳይነካው ስለ ዕቃው የሚነገረውን ይሰማል፤ ከሰማውም ነገር ተነሥቶ ተናጋሪው የሚታመን መሆን አለመሆኑን በልቡ ይመዝናል። ገዥና ሻጭ በአንድ ባንኮኒ ግራና ቀኝ የቆሙ እንደ ሆነ ይህ ነገር ችግር የለበትም። ገዥው ግን በዱባይ ወይም በዋሽንግተን፣ አለዚያም በዚሁ በአገራችን በጎንደር ወይም በጅማ የሚኖር ሲሆን፣ የነጋዴው ቃል እርሱ ካለበት የሚደርስበት መንገድ ሊፈለግለት ይገባል። በዘመናችን ለዚህ ከሚያገለግሉት መንገዶች አንዱ ፖድካስት የተባለው የድምፅ ዝግጅት ነው።

ብዙ ነጋዴዎች ይህ ሥራ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ስቱዲዮና ባለሙያ የሚያስፈልገው ይመስላቸውና ገና ሳይጀምሩ ይተዉታል። ሌሎች ደግሞ በችኮላ ቀድተው የላኩት ድምፅ የሚያስተጋባና የሚንሾካሾክ ስለሚሆን፣ ሰሚው ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይታገሥ ይዘጋዋል። በሁለቱም መንገድ የሚጎዳው ነጋዴው ነው። የዛሬው ትምህርታችን ዓላማ፣ ጥሩ ድምፅ ከዕቃ ውድነት ይልቅ ከቀጂው ጥንቃቄ የሚገኝ መሆኑንና ለሥራው የሚያስፈልገውም ፕሮግራም ያለ ዋጋ የሚገኝ መሆኑን ማስረዳት ነው።

1ኛ/ ፖድካስት ማለት ምን እንደ ሆነ

ፖድካስት ማለት አስቀድሞ ተቀድቶና ታርሞ በኢንተርኔት የሚሠራጭ የድምፅ ዝግጅት ነው። የራዲዮን ዝግጅት ለመስማት ሰሚው በሰዓቱ ተገኝቶ ሊጠብቅ ይገባዋል፤ ፖድካስት ግን ራሱ ሰሚውን ይጠብቀዋል። ስያሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ2004 ቤን ሐመርስሊ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በጋርዲያን ጋዜጣ ላይ ባወጣው ጽሑፍ ሲሆን፣ አይፖድ ከተባለው የሙዚቃ ማዳመጫና ብሮድካስት ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ተጣምሮ የተሠራ ነው። በሚከተለው ዓመት በ2005 አፕል የተባለው ኩባንያ እነዚህን ዝግጅቶች በአይቱንስ ፕሮግራሙ ውስጥ ስላስገባቸው ነገሩ በብዙ አገር ታወቀ። በአገራችን እንዲህ ያለው ዝግጅት በቴሌግራም ጭምር ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል።

ለንግድ የሚሰጠው ጥቅም ብዙ ነው። ቡና ላኪው የታጠበና ያልታጠበ ቡና በአዘገጃጀትና በጣዕም የሚለያዩበትን ምክንያት ለውጭ አገር ገዥው ሊያስረዳበት ይችላል። የመለዋወጫ ዕቃ አስመጪው እውነተኛው ዕቃ ከተመሳሳዩ በምን እንደሚለይ ለመካኒኮች ሊያስተምርበት ይችላል። የጨርቃ ጨርቅ ባለ ሱቅም አዲስ የገባውን ጣቃ ዓይነትና አያያዙን ለደንበኞቹ ሊነግርበት ይችላል። ሰሚው መኪና እየነዳ ወይም ዕቃ እየደረደረ ሊያዳምጥ ስለሚችል፣ ለማንበብ ጊዜ የሌለው ሰው ሁሉ ከዚህ ተካፋይ ይሆናል።

2ኛ/ ስለ ነጻው ፕሮግራም

በዚህ ትምህርት የምንጠቀምበት ፕሮግራም ኦዳሲቲ ይባላል። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ አገር በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ጀማሪዎቹም ዶሚኒክ ማዞኒና ሮጀር ዳነንበርግ ናቸው። ለሕዝብ የወጣው በ2000 ነው። በ2021 ሚዩዝ ግሩፕ የተባለ ኩባንያ የፕሮግራሙ ባለቤት ቢሆንም፣ ፕሮግራሙ ነጻነቱን እንደ ያዘ ቀጥሏል። በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል።

ነጻ ስንል በሁለት ትርጉም ነው። አንደኛ፣ ዋጋ የለውም። ሁለተኛ፣ ጂ.ፒ.ኤል. በተባለው ፈቃድ የወጣ ስለ ሆነ ማንም ሰው ለግል ሥራውም ሆነ ለንግዱ ሊጠቀምበት፣ ለሌላውም ሰው ሊሰጠው ይችላል። ስለዚህ ባለ ሱቁ ተሰርቆ የተባዛ ውድ ፕሮግራም ከመንገድ ፈልጎ፣ ከእርሱም ጋር የኮምፒዩተር ቫይረስ ወደ ሒሳብ መዝገቡ የሚያስገባበት ምክንያት የለም። ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ መወረድ የሚገባው ከአዘጋጆቹ ከራሳቸው ገጽ ብቻ ነው። ስሙን አስመስሎ ገንዘብ ክፈል ወይም ሌላ ነገር ጨምረህ ጫን የሚል ገጽ ቢያጋጥም ትቶ ማለፍ ይገባል።

3ኛ/ ስለ ቦታና ስለ ማይክሮፎን

ከዚህ ትምህርት አንድ ክፍል ብቻ መያዝ የሚችል ሰው ቢኖር ይህን ክፍል ይያዝ። ምክንያቱም ፕሮግራሙ የተጣመመውን ሊያቃና ይችል ይሆናል እንጂ፣ በቀረጻው ጊዜ ከድምፁ ጋር የተቀላቀለውን ማስተጋባት ፈጽሞ ሊለየው አይችልም። ውሃ የገባበት ወተት እንደማይጣራ ሁሉ፣ ባዶ አዳራሽ ውስጥ የተቀዳ ንግግርም አይጠራም።

ድምፅ ሲወጣ በቀጥታ ወደ ማይክሮፎኑ ይሄዳል፤ ነገር ግን ከግድግዳውና ከጣራው፣ ከመስተዋቱና ከሲሚንቶው ወለል እየነጠረም ጥቂት ዘግይቶ ይመጣል። ደረቅና ለስላሳ የሆነ ግድግዳ ድምፅን ይመልሳል፤ ወፍራም ጨርቅ ግን ይውጠዋል። ስለዚህ መስተዋት ከበዛበት ቢሮ ይልቅ፣ ጣቃና ብርድ ልብስ የተከመረበት መጋዘን ለመቅዳት የተሻለ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው ሳያውቀው የስቱዲዮ ባለቤት ነው ማለት ይቻላል። ይህ የሌለው ሰው ምንጣፍ አንጥፎ፣ መጋረጃውን ዘግቶ፣ ከፊቱና ከኋላው ቡሉኮ ወይም ወፍራም ጋቢ ቢሰቅል ብዙ ይጠቀማል።

ቀጥሎ የውጭው ጩኸት ይታሰብ። ቆርቆሮ ጣራ ባለበት ቤት በክረምት ዝናብ ሲወርድ መቅዳት ድካም ብቻ ነው። የጎረቤት ጄኔሬተር፣ የመጠጥ ማቀዝቀዣ ፍሪጅ፣ የመኪና ጥሩምባ፣ እነዚህ ሁሉ ለጆሮ የተለመዱ ስለ ሆኑ ሰው አያስተውላቸውም፤ ማይክሮፎን ግን ሁሉንም ይሰማል። ስለዚህ ገበያው ከመከፈቱ በፊት ማለዳ፣ ወይም ሱቁ ከተዘጋ በኋላ መቅዳት ይመረጣል። ላፕቶፕ ያለው ሰው የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቅሎ በባትሪ ቢሠራ ሁለት ጥቅም ያገኛል፤ መብራት ቢጠፋ ሥራው አይቋረጥም፣ አንዳንድ ጊዜም ከኤሌክትሪኩ መስመር የሚመጣው እምምም የሚል ድምፅ ይቀራል።

ማይክሮፎኑ ውድ መሆን አያስፈልገውም። በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒዩተር ጋር የሚያያዝ ተራ ማይክሮፎን ለጀማሪ ይበቃል፤ እርሱም ከሌለ የእጅ ስልክ መቅጃ ያገለግላል። በስልክ የተቀዳው ብዙ ጊዜ ኤም4ኤ በሚባል ዓይነት ስለሚቀመጥ፣ በዊንዶውስ ላይ ኦዳሲቲ እንዲከፍተው ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለውን ሌላ ነጻ ረዳት ፕሮግራም መጨመር ያስፈልጋል።

ከማይክሮፎኑ ዋጋ ይልቅ ርቀቱ ይበልጣል። ከአፍ እስከ ማይክሮፎን ያለው ርቀት አንድ ስንዝር ያህል፣ ማለትም ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ቢሆን መልካም ነው። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር የተናጋሪው ድምፅ ኀይል በ6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል፤ የክፍሉ ማስተጋባት ግን እንዳለ ይቆያል። ከሩቅ የተቀዳ ድምፅ ጉድጓድ ውስጥ ያለ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ማይክሮፎኑም ከአፍ ትይዩ ሳይሆን ጥቂት ወደ ጎን ዘወር ቢል፣ በ«ፐ»ና በ«በ» ጊዜ የሚወጣው ትንፋሽ አይመታውም።

4ኛ/ ስለ መቅዳት

ኦዳሲቲን ከፍቶ ማይክሮፎኑን ከመረጡ በኋላ፣ የቀዩን ክብ ምልክት ወይም በእንግሊዝኛው የፊደል ገበታ የአርን ቁልፍ ሲጫኑ መቅዳት ይጀምራል። ድምፁም በመስኮቱ ላይ እንደ ሞገድ ተሥሎ ይታያል። የድምፁን ኀይል የሚያሳየው መለኪያ ከዜሮ በታች በሚቆጠር ዴሲቤል የተጻፈ ነው። ተናጋሪው ከፍ አድርጎ ሲናገር መለኪያው ከዜሮ በታች በ12ና በ6 መካከል ቢደርስ ተገቢ ነው። ዜሮን የነካ ድምፅ ጫፉ ይቆረጣል፤ ተቆርጦም የተሰነጠቀ ይመስላል። ይህንንም በኋላ ማዳን አስቸጋሪ ነው። ያነሰውን ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ የፈሰሰውን ግን ማፈስ አይቻልም።

በቀረጻው ጊዜ አራት ነገሮች ይጠበቁ።

ሀ/ ንግግሩ ከመጀመሩ በፊት ሁሉም ሰው ዝም ብሎ ለ10 ሰከንድ ያህል የክፍሉ ፀጥታ ብቻ ይቀዳ። ይህ ጥቅሙ በኋላ ይታያል።

ለ/ ሁለት ደቂቃ ለሙከራ ተቀድቶ በጆሮ ማዳመጫ ይሰማ። ሳይሰሙ አንድ ሰዓት ቀድቶ በመጨረሻ ማይክሮፎኑ አለመሠራቱን ማወቅ ጊዜንም እንግዳንም ማጣት ነው።

ሐ/ ተናጋሪው ሲሳሳት ቀረጻው አይቁም። አንድ ጊዜ አጨብጭቦ፣ ጥቂት ዝም ብሎ፣ ዐረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ይድገመው። ጭብጨባው በሞገዱ ሥዕል ላይ እንደ ችካል ቆሞ ስለሚታይ፣ የሚታረመው ቦታ በቀላሉ ይገኛል።

መ/ ጽሑፍን እንደ ደብዳቤ ከማንበብ ይልቅ ዋና ዋናውን ነጥብ በወረቀት ይዞ ከደንበኛ ጋር እንደሚነጋገሩ ሆኖ መናገር ይሻላል። ዋጋ፣ መጠንና ቀን ግን ተጽፈው ይነበቡ፤ በቃል የሚነገር ቁጥር ይስታልና።

5ኛ/ ስለ ማረም

ቀረጻው እንዳለቀ በመጀመሪያ የሚሠራው ነገር ዋናውን ቅጅ ሳይነኩ በሌላ ቦታ ማስቀመጥ ነው። ሒሳብ ያዥ የመጀመሪያውን ደረሰኝ እንደማይጥል ሁሉ፣ ድምፅ አራሚም ዋናውን ቀረጻ አይጥልም። ከዚያ በኋላ በሚከተለው ተራ ይሠራ።

መጀመሪያ፣ ጩኸት መቀነስ። ኖይዝ ሪዳክሽን የተባለው መሣሪያ በሁለት ደረጃ ይሠራል። አስቀድሞ የተቀዳው የፀጥታ ክፍል ብቻ ይመረጥና ጌት ኖይዝ ፕሮፋይል የሚለው ይጫናል፤ በዚህም ፕሮግራሙ የክፍሉን ጩኸት ይማራል። ቀጥሎ ቀረጻው በሙሉ ይመረጥና መሣሪያው እንደ ገና ተከፍቶ ይሠራል። ቅነሳው ከ12 ዴሲቤል ባያልፍ ይመረጣል፤ ከመጠን ያለፈ እንደ ሆነ የሰውየው ድምፅ ከውሃ ውስጥ የሚናገር ይመስላል።

ሁለተኛ፣ ጉርምርምታን ማስወገድ። ሃይ ፓስ ፊልተር የተባለው መሣሪያ በ80 ኸርዝ ላይ ቢደረግ፣ ከመንገድ የሚመጣውን የከባድ መኪና ጉርምርምታና የጠረጴዛ ንቅናቄ ይቀንሳል። የአገራችን ኤሌክትሪክ በ50 ኸርዝ የሚሠራ ስለ ሆነ፣ ከመስመሩ የሚመጣው እምምታ ከፊሉ በዚሁ ይለዝባል።

ሦስተኛ፣ መቁረጥ። ስሕተቱን፣ የተደገመውንና ያለ ጥቅም የተንዛዛውን በመዳፊት መርጦ የዴሊት ቁልፍን መጫን ነው። የተሳሳተ ቢቆረጥ ኮንትሮልና ዜድ አብረው ሲጫኑ ይመለሳል። ነገር ግን ሁሉም ዝምታ አይቆረጥ፤ ሰሚው የሚያስብበት ጊዜ ያስፈልገዋል። እስትንፋሱ ሁሉ የተነቀለበት ንግግርም የሰው አይመስልም።

በአማርኛ ለሚሠራ ሰው አንድ ልዩ ጥንቃቄ አለ። በቋንቋችን ፊደል ሲጠብቅና ሲላላ የቃሉ ትርጉም ይለወጣል። «ይሰጣል» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነገር ሰውየው ዕቃውን ለሌላ ይሰጣል ማለት ሲሆን፣ ጠብቆ ሲነገር ግን ዕቃው ራሱ ለሌላ ይሰጣል ማለት ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰከንድ እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ መቁረጥ የሚገባው በቃልና በቃል መካከል እንጂ በቃሉ ሆድ ውስጥ አይደለም። የሞገዱን ሥዕል አጉልቶ ማየትና ከቆረጡ በኋላ መልሶ መስማት ያስፈልጋል።

አራተኛ፣ ኀይሉን ማስተካከል። ኮምፕሬሰር የተባለው መሣሪያ ከፍ ያለውንና ዝቅ ያለውን ንግግር ያቀራርባል። በመጨረሻም ላውድነስ ኖርማላይዜሽን የተባለው የጠቅላላውን ዝግጅት ከፍታ ወደ አንድ ልክ ያመጣዋል። የአውሮጳ ብሮድካስት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2010 ለራዲዮና ለቴሌቪዥን የመደበው ልክ ከዜሮ በታች 23 ኤል.ዩ.ኤፍ.ኤስ. ሲሆን፣ አፕል ለፖድካስት የሚመክረው ከዜሮ በታች 16 ያህሉን ነው። ነጋዴው ይህን ልክ ሁልጊዜ ቢጠብቅ፣ ሰሚው ከአንዱ ዝግጅት ወደ ሌላው ሲያልፍ ድምፁን ለማስተካከል አይቸገርም።

6ኛ/ ስለ ታማኝነት

የማረሚያ መሣሪያ እንደ መቀስ ነው፤ ልብስም ይሰፋበታል፣ ልብስም ይበላሽበታል። አንድ የዕቃ አስተላላፊ በእንግድነት ቀርቦ «መርከቡ ጂቡቲ በጊዜው ከደረሰ ዕቃውን በ30 ቀን ውስጥ እናስረክባለን» ብሎ ተናገረ እንበል። አራሚው ዝግጅቱን ለማሳጠር ሲል «መርከቡ ጂቡቲ በጊዜው ከደረሰ» የሚለውን ቢቆርጠው፣ የቀረው ቃል ተናጋሪው ያልገባው ውል ይሆናል። በዚህ ቃል ተማምኖ ገንዘቡን ያሰማራ ገዥ ቢከስር ተጠያቂው ማን ይሆናል? ቃል የእምነት ዕዳ ነው ይባላልና፣ የሌላውን ሰው ቃል ማሳጠር ይቻላል እንጂ ዕዳውን መለወጥ አይገባም። «ምናልባት»፣ «ከሆነ»፣ «እስከዚህ ቀን ድረስ» የሚሉትን ቃላት መቀሱ አይንካቸው። የታረመውም ዝግጅት ከመውጣቱ በፊት ለእንግዳው ቢሰማ ለሁለቱም ወገን ደኅና ነው።

ሙዚቃን በሚመለከት ደግሞ፣ የታወቀን ዘፈን ያለ ፈቃድ ከማስታወቂያ ጋር አያይዞ ማሠራጨት በሕግ የሚያስጠይቅ ነው። በአገራችን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን፣ የዜማ ሠሪውን፣ የከዋኙንና የአሳታሚውን መብት ይጠብቃል። ፈቃድ በጽሑፍ ያልያዘ ነጋዴ ያለ ሙዚቃ ቢያቀርብ ምንም አይጎድልበትም።

7ኛ/ ስለ ማውጣትና ስለ መላክ

በኦዳሲቲ ውስጥ ፕሮጀክቱን ማስቀመጥና ድምፁን ማውጣት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ፕሮጀክቱ ገና የሚታረመው ሥራ ስለ ሆነ ከራሱ ከኦዳሲቲ በቀር በስልክ ላይ አይከፈትም። ለሰሚው የሚላከው ኤክስፖርት በሚለው ትእዛዝ የሚወጣው ነው፤ ዓይነቱም በየትኛውም ስልክ የሚከፈተው ኤምፒ3 ቢሆን ይመረጣል።

እዚህ ላይ ነጋዴ የሚወደው ሒሳብ አለ። በሰከንድ 44,100 ጊዜ የሚለካ፣ ባለ 16 ቢትና ባለ አንድ መስመር ያልታመቀ ድምፅ በሰከንድ 88,200 ባይት ይይዛል፤ የ30 ደቂቃ ዝግጅትም ወደ 159 ሜጋባይት ይደርሳል። ይኸው ዝግጅት በ64 ኪሎቢት ኤምፒ3 ቢወጣ 14.4 ሜጋባይት ብቻ ይሆናል። በ128 ኪሎቢት ሲወጣ ደግሞ 28.8 ሜጋባይት ነው። ለንግግር ባለ አንድ መስመር 64 ኪሎቢት ይበቃል። ሰሚው የሚያወርደው ከኪሱ በሚከፍለው የኢንተርኔት ጥቅል ነውና፣ ፋይሉን ያሳነሰለት ነጋዴ ወጪውን አሳነሰለት ማለት ነው።

ከመላኩ በፊት ዝግጅቱ በጆሮ ማዳመጫም፣ በተራ ስልክ ድምፅ ማጉያም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሰማ። ፕሮግራሙ ውስጥ እስካለ ድረስ የተሳሳተው ሁሉ ይመለሳል፤ አንድ ጊዜ ከተሠራጨ በኋላ ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።

ለመለማመጃ

አንባቢዎቻችን እስከሚመጣው ሳምንት የሚከተለውን ቢሞክሩ ትምህርቱ በእጃቸው ይገባል። ስለ አንድ ዕቃቸው የአንድ ደቂቃ ንግግር በሦስት ቦታ፣ ማለትም በሱቁ ባንኮኒ፣ በቢሮውና በመጋዘኑ ይቅዱ። ሦስቱንም ያለ ምንም እርማት በጆሮ ማዳመጫ ያዳምጡና የትኛው ቃላቸውን አጥርቶ እንደሚያሰማ ይምረጡ። ቀጥሎም ከመረጡት ቦታ ርቀቱን አንድ ጊዜ በአንድ ስንዝር፣ አንድ ጊዜ በአንድ ክንድ አድርገው ይድገሙት። ከዚህ በኋላ አዲስ ማይክሮፎን መግዛት አለመግዛትን ለመወሰን የሚያስችል ማስረጃ በእጃቸው ይኖራል፤ ብዙዎችም ገንዘቡን ለሌላ ዕቃ መግዣ ለማዋል እንደሚችሉ ይረዱታል።